ጸበል የተረጨው መላጊያ

ባሌ እዮኤል እኔ ስታመም «ፓናዶል ዋጥ አድርጊና ተኚ» ብሎ ይገላገለኛል፤ ማሽን ሲታመም ግን እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ሥራው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የተሰበረ የመንገደኛ ወንበርና አልዘጋ ያለ የሻንጣ ሳጥን ሲጠግን ይውላል። ሌላው ሰው እንዲህ ሲለፋ ውሎ ቤቱ ሲገባ ብሎን ማየት ያስጠላዋል። የእኔው ጉድ ግን ልብሱን ይቀይርና በቀጥታ ወደ ግቢ ነው። ይህን ዱባይ አቅራቢያ አጅማን ያለ አሮጌ የዓረብ ቤት የተከራየነው ግቢው ሰፊ ስለሆነ ነበር፤ ልጅ ስንወልድ ይሮጥበታል ብዬ። ልጁ ገና አልመጣም። ብረቱ ቀድሞ ገብቶ ተንሰራፍቶበታል።

የሚወደው አሮጌ የእንጨት ሥራ ማሽን ነው። ሻርጃ ኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ የተዘጉ እንጨት ቤቶች ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ አለ፤ እዚያ እዮኤልን የማያውቅ ነጋዴ የለም። የሰው ባል በዕረፍት ቀኑ ሚስቱን አል ማምዛር ባሕር ዳር ያንሸራሽራል፤ የእኔ ባል የመጋዝ ጥርስ ሊያሳየኝ ሻርጃ ይወስደኛል። የገዛውን ማሽን ዝገቱን ይፍቃል፣ ኩሽኔታውን ይቀይራል፣ ቀለም ይቀባዋል። ከዚያ አንዳንዱን ይሸጣል፣ አንዳንዱን «ትንሽ ይቆይ» ይላል። ልብስ ማስጫዬን የወሰዱብኝ እነዚያ «ትንሽ ይቆዩ» የተባሉት ናቸው።

ኅዳር ላይ ፒክአፕ በራችን ቆመና ሰዎች ተጋግዘው አንድ ነገር አወረዱ። ቀለሙ ተላልጧል፤ ሰውነቱ በሙሉ ዝገት ነው፤ የርግብ ኩስ ሳይቀር አለበት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«መላጊያ ነው። የጣሊያን ሥራ ነው። ላዩን አትዪው፣ ውስጡ ጤነኛ ነው።»

«ሁሉም ሴት ስለ ሰካራም ባሏ የምትለው ይህንኑ ነው።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ መላጊያ ማሽን ማለት ረጅም የብረት ጠረጴዛ ነው። መሃሉ ላይ ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ ውስጥ ቢላ የታሰረበት ድቡልቡል ብረት በፍጥነት ይሽከረከራል። ጎርባጣ ጣውላ በዚህ በኩል ገፍተው ያስገቡታል፣ በዚያ በኩል ለስልሶና ቀንቶ ይወጣል። ነገሩ ሁሉ ያለው ጠረጴዛው ላይ ነው። ጠረጴዛው ከዛገ ጣውላው አይንሸራተትም፤ ሲገፉት ይይዛል፣ ሥራውም ይበላሻል።

በዚያው ሳምንት እሑድ እትዬ ፈትለወርቅ ከቅዳሴ መልስ መጣች። ማሽኑን ዞር ዞር ብላ አየችውና «ይህ ደግሞ የማን ሬሳ ነው?» አለች።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔን ለማስተማር ብላ በኤጀንሲ ወደዚህ አገር መጣች፤ አል ማምዛር አንዲት ማዳም ቤት ለቤት ሥራ ገባች። እኔ ኮሌጅ ጨርሼ፣ ዱባይ መጥቼ፣ ሙራቃባት ሰፈር ቤድ ስፔስ በሚሉት የአልጋ ኪራይ ውስጥ ከአንድ መንጋ ሴት ጋር ተደራርቤ ተኝቼ፣ ሆቴል ሪሰፕሽን ተቀጥሬ፣ አግብቼ ቤት እስክይዝ ድረስ እሷ እዚያው ማዳም ቤት ናት። እዚያ ቤት ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። የማዳም ልጆች በእጇ አድገው፣ ተድረው ወጥተዋል። «አሁን ያን የሚያህል ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለት አሮጊቶች ነን» ትላለች፤ ራሷ ሃምሳ እንኳ ሳይሞላት።

በየሁለት ዓመቱ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሲታደስ «ይህ የመጨረሻዬ ነው» ትላለች። ከዚያ ደግሞ ታሳድሳለች። ደብረ ብርሃን ቤት ሠርታለች፤ ወንድማችን አየለ ከነቤተሰቡ ይኖርበታል። ለዕረፍት ስትሄድ የእንግዳ ክፍል ነው የሚያነጥፉላት። «ለምን አትገቢም?» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ገብቼ ምን ልሠራ? የአየለ ሚስት ወጥ ሲጎድለው ልነግራት?» ይህን ስትል ትስቃለች፤ እኔ ግን ሳቋን አልወደውም።

ያን እሑድ እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። እዮኤል ከግቢ ሲጣራ ሰማሁ። «እትዬ፣ እስቲ ይህን ጫፍ አንድ ጊዜ ይያዙልኝ!» አንድ ጊዜ ብሎ ጠርቷት ምሳ ቀርቦ ሁለቱም አይመጡም። ብወጣ እህቴ የቅዳሴ ነጠላዋን አጣጥፋ ወንበር ላይ አኑራለች፤ እጅጌዋን ሰብስባ ጠረጴዛውን በላምባና በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገች ነው። ከዝገቱ ሥር መዳፍ የምታህል ነጭ ብረት ብቅ ብላለች።

«እትዬ! በዕረፍት ቀንሽ?» አልኳት።

«የሰው ብር ዕቃ ስወለውል ኖሬ ይህ ያቅተኛል? ተይኝ እስቲ፣ እስከዚች ምልክት ልጨርስ።»

ምልክቷ እየሸሸች ስትሄድ ምሳው ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ድሮ ስደውልላት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ምን በላሽ?» ብላ ነበር፤ አሁን «ኩሽኔታው ተገኘ?» ሆነ። ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ዳዶ፤ አገር ቤት ጋራዥ ያደገች ይመስል አፏ ላይ ገባ። ባሌ ለእኔ ካቻቢቴ የማያውሰኝ ሰው፣ ለእሷ የመሣሪያ ሳጥኑን ከነቁልፉ ሰጣት። እኔም በሁለቱ መቅናቴ አልቀረም።

ከሁሉ አጥብቆ ያስተማራት ውሃን መፍራት ነው። የአጅማን አየር ራሱ ግማሹ ባሕር ነው፤ ነጭ የወጣ ብረት ለአንድ ሌሊት ሳይቀባ ካደረ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ ዘይት ወይም ሰም ይቀባል፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ይሸፈናል። የታጠበ ልብስ ይዤ በአጠገቡ ባልፍ «ያንጠባጥባል!» ብሎ ይጮህብኝ ነበር። እትዬም የእሱ ደቀ መዝሙር ሆናለችና እጇን በፎጣ ሳታደርቅ ብረቱን አትነካም።

የካቲት ላይ ሞተሩ ተነሳ። እዮኤል አንድ ከሻርጃ የለቀመውን ያረጀ የበር ጣውላ ገፋበት። በዚህ በኩል ጥቁርና ጎርባጣ ሆኖ የገባ እንጨት በዚያ በኩል ቀይና ለስላሳ ሆኖ ወጣ፤ ግቢው በእንጨት ሽታ ተሞላ። እትዬ ጣውላውን ተቀብላ በመዳፏ ደጋግማ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ጉንጯ ላይ አስደገፈችው። እህቴ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው።

«አየለ ሲነግረኝ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ደብረ ብርሃን የኛ ሰፈር አናጢ ሁሉ እንጨቱን ለማስላግ በጋሪ ጭኖ ከተማውን ያቋርጣል። ማሽን ቤት ቅርብ የለም።»

«እና?»

«እና እኔ ማሽን ቤት እከፍታለሁ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ባሌ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን ጠረገና «ማሽኑ የእርስዎ ነው እትዬ» አላት። የዚያን ዕለት ባሌን እንደ አዲስ ወደድኩት፤ ልብስ ማስጫዬንም ይቅር አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ አልነበረም። ጣውላ በጣት ሳይሆን በእንጨት መግፊያ መግፋት ተማረች። ቢላ መፍታት፣ መሳል፣ ማሰር ተማረች። አየለ ከግቢው በር አጠገብ ያለውን ክፍል አስለቀቀላት፤ መብራት ኃይልም አነጋገረላት። እዮኤል ናይፍ ሰፈር ወደ አገር ቤት ዕቃ የሚልክ የካርጎ ሰው አገኘ፤ ኮንቴይነሩ በሰኔ ማብቂያ ይሞላል ተባለ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ለማዳም መንገር።

እሱ ላይ ነው እህቴ የተያዘችው። ኢቃማዋም በዚያው በሰኔ ያልቃል። ለማሳደስ ደግሞ መጀመሪያ የጤና ምርመራ አለ፤ ማዳም «ያላ ፈትሌ፣ ሜዲካል እንሂድና እናድስ» ትላታለች፤ እትዬ «ነገ፣ ማማ» ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች። «ዛሬስ ነገርሻት?» ስላት «ራሷን አሟት ነበር» ትለኛለች። በሌላ ቀን ልጇ መጥታ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ ማዳም ደስ ብሏት ስለነበር ደስታዋን ላለማበላሸት። ማዳም ታማም ደስ ብሏትም የማይነገራት ከሆነ መቼ ሊነገራት እንደሆነ እንጃ።

ኮንቴይነሩ ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ፣ ማሽኑ አለቀ። አረንጓዴ ቀለሙን ተቀብቶ፣ ጠረጴዛው ፊት እስኪያሳይ ተወልውሎ ቆመ። እዮኤል ሰሙን ሊቀባ ሲል ከሥራ ተደወለለት፤ አንድ አውሮፕላን ቆሟል፣ ድረስ። «ግድ የለህም ሂድ፣» አለችው እትዬ፣ «እኔ ቀብቼ አለብሰዋለሁ።» እኔም ደክሞኝ ነበርና ገባ ብዬ ጋደም አልኩ። ስነሳ እህቴ ማሽኑን በብርድ ልብስና በሸራ ጠቅልላ፣ ነጠላዋን ለብሳ አውቶቡስ ልትይዝ ቆማለች። ሳመችኝ። እጇ እርጥብ ነበር።

እዮኤል በዚያ ሳምንት ድርብ ፈረቃ ሆነበትና እስከ ሐሙስ ግቢውን ቀና ብሎ አላየውም። ሐሙስ ከሥራ ገብቶ ሸራውን ሲገልጥ «ሜላት!» ብሎ ጠራኝ። ድምፁ ጣቱን የቆረጠ ሰው ድምፅ ነበር። በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

ጣቱ ደህና ነው። ጠረጴዛው ግን ከዳር እስከ ዳር ዝጓል። ተራ ዝገት አይደለም፤ አንዳንዱ ቦታ የጠብታ ቅርጽ አለው፣ አንዳንዱ የብርድ ልብሱን ጥለት ሳይቀር አትሞ ይዟል። እግሩ ሥር እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል የምታመጣባት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወድቃለች። ባዶዋን ናት።

«ጸበል ነው?» አለኝ።

«ጸበል ነው።»

ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ጸበልን መሳደብ አይቻል፤ እትዬን መሳደብ አይቻል። የዲያቆን ልጅ ነው፣ አፉን ከፈት ያደርግና መልሶ ይዘጋል። የሚቆጣው አጥቶ ሲንቆራጠጥ አንጀቴን በላው።

እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ጋ ነው። እህቴን አውቃታለሁ፤ ሁሉ ነገር ምልክት ነው ለእሷ። ወተት ቢገነፍል ምልክት ነው፣ የምትሄድበት የሜትሮ ባቡር ቢያመልጣት ምልክት ነው። ጸበል ተረጭቶበት የዛገ ማሽን ካየች ደግሞ ያለቀለት ነገር ነው፤ «እግዜር አልፈቀደም» ብላ በማግስቱ ሜዲካል ትሰለፋለች። ሁለት ዓመት ይጨመራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሁለት። አንድ ቀን እዚያ የማዳም ጓዳ ውስጥ ታረጅና ትወድቃለች፤ እኔን ለማስተማር ብላ መጥታ።

«እሑድ ሳትመጣ ይጥፋ» አልኩት።

«ይጠፋል። ግን ፍቄ የትም አልጥለውም። ጸበል ያለበት ነገር ይረገጣል እንዴ?» አለና ገብቶ አንድ ነገር ይዞ መጣ፤ ማሽኑ ሥር ዘረጋው። ነጩ የአልጋ ልብሴ! ለበዓል ብዬ ያስቀመጥኩት! ልጮህ ስል ፊቱን አየሁና ዋጥኩት።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ፈተገ። ቅዳሜ ፈረቃ ስላልነበረው ከጠዋት ጀመረ። ግማሹን እንዳጋመሰ የግቢው በር ተንኳኳ። እሑድን ስንጠብቅ እትዬ ቅዳሜ መጣች፤ ማዳምን ልጇ ወስዳት ነው። እዮኤል ሸራውን ሊጥልበት ተንደረደረ፣ እኔ መንገድ ላይ ቆሜ «ግቢ፣ ሻይ ላፍላልሽ» አልኩ። ገፍታኝ አለፈች። ቀጥ ብላ ሄዳ ሸራውን ገለጠችው።

ቆማ አየችው።

«እትዬ፣ እርጥበቱ ነው፤ ይህ አየር…» ብዬ ጀመርኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣» አለ እዮኤል ከአፌ ነጥቆ፣ «ሰሙን ራሴ ሳልቀባ መሄድ አልነበረብኝም።»

«ዝም በሉ ሁለታችሁም። ጸበል ረጭቼበት ነው።»

«አውቀናል፤ ግድ የለም። እርስዎ ለበረከት ብለው ነው፣ ብረቱ እንደሚዝግ አላሰቡም…»

«አላሰብኩም?» ዞር ብላ አየችው። «ውሃ ብረት እንደሚያዝግ እኔ አላውቅም? እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ጊዜ ነው እጄን ያደረቅሁት?»

እጇ እርጥብ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

«ታዲያ ለምን?» አልኳት።

እትዬ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፤ ወደ እኛ ማየት አልፈለገችም። «ምልክት ለመንኩበት። ጸበሉን እረጨዋለሁ፤ ካልዛገ ‹ሂጂ› ብለኸኛል፣ ከዛገ ‹እዚያው ሁኚ› ብለኸኛል አልኩት እግዜርን። ሰሙንም አልቀባሁትም።»

ፊቷ ሄጄ ቆምኩ። «እግዜርን? እግዜርን ፈተንሽው? ‹ጌታ አምላክህን አትፈታተነው› ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

እዮኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ጠርሙሷ ትንሽ ናት» አለ። «ብርድ ልብሱ ግን በሙሉ ርሶ ነበር።»

ፊቷ ቀላ።

«ብርድ ልብሱን ቧንቧ ስር ነከርኩት» አለች።

እህቴ እግዜርን ጠይቃው፣ መልሱን ደግሞ ራሷ በአፉ አስቀመጠችለት። በዚያ ሰዓት ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

«እንዲዝግ ነበር የፈለግሽው» አልኳት።

«ፈራሁዋ!» አለች። እትዬ ጮሃ አታውቅም፤ ጮኸች። «ፈራሁ ሜላት! እኔ ጠዋት የምነሳው ስጠራ ነው። ማዳም ‹ፈትሌ!› ስትል ነው ዓይኔ የሚገለጠው። እዚያ ማን ይጠራኛል? አናጢዎቹ ‹የሴት ማሽን› ብለው ባይመጡስ? ያን ማሽን አቁሜ፣ በር በሩን እያየሁ ብቻዬን ብቀመጥስ? ማንም ሳይጠራኝ እንዴት እንደሚነሱ አላውቅበትም።»

ይህን ያህል ዘመን «ለምን አትገቢም?» እያልኩ ስነዘንዛት አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ንዴት ሲይዘኝ እጄ ሳይሆን አፌ ነው የሚቀድመው።

«እንኳን ደስ አለሽ! ዛገልሽ! ሂጂ ሜዲካልሽን አድርጊ!» አልኳት፤ እንባዬ እየወረደ።

«ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣» አለች። ድምጿ ወረደ። «ሳምንቱን ሙሉ ዝጎ ይሆን እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ። ልጇ ስትወስዳት እሑድን መጠበቅ አቃተኝና በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። በአውቶቡስ ውስጥ ‹ካልዛገ ምን ይውጠኛል› እያልኩ ነበር። አሁን ሳየው ግን…» መዳፏን ዝገቱ ላይ አኖረች። «የገዛ ልጄን በጥፊ ያጮልኩት መሰለኝ።»

እዮኤል ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ በእንባ መሃል የሚናገረው አያውቅም፤ የሚያውቀው ብረት ነው። «ላዩን ነው የያዘው፣ እትዬ። አልበላውም። ዛሬና ነገ ከሠራንበት ይመለሳል።» ይህን ብሎ ብርጭቆ ወረቀት ቀደደና ዘረጋላት።

ወረቀቱን አየችው። ካርጎው ማክሰኞ ነው የሚመጣው፤ ማዳም ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሜዲካል ቀጠሮ አስይዛለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ነጠላዋን አጣጥፋ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ወረቀቱን ተቀበለችው። እኔም ጫማዬን አድርጌ መጣሁና የተረፈው ጫፍ ላይ ጀመርኩ፤ ከዚያ በፊት ያንን ማሽን በጣቴ ነክቼው አላውቅም። ስንፈትግ ቀይ ብናኝ ወደ ታች ይወርዳል።

«ይህ የበዓል አንሶላሽ አይደለም?» አለች እትዬ ጎንበስ ብላ አይታ።

«ጸበል እንዳይረገጥ ብሎ ባለቤቴ የሰዋልሽ ነው።»

«ግማሹ እኮ የቧንቧ ውሃ ነው።»

«የትኛው የጸበል ዝገት፣ የትኛው የቧንቧ ዝገት እንደሆነ አንቺ ለይልኛ!»

ሳቀች። እዮኤልም ሳቀ። ሁሉንም ሰብስበን ጥግ ላይ ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ ሰው ከማይረግጠው ቦታ እንደምናፈስ ተስማማን።

ስልኳ ጮኸ። ማዳም ናት። የእትዬ እጅ በላምባና በዝገት ጨቅይቷልና እኔ ከቦርሳዋ አውጥቼ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላት።

«ፈትሌ! የት ነሽ?» አለች ማዳም በዓረብኛ። «እኔ ቤት ገብቻለሁ። ሰኞ በጠዋት ነው ቀጠሮው፤ ሾፌሩን ነግሬዋለሁ።»

እትዬ እኔን አየችኝ። እጇ ብረቱ ላይ እንዳለ ነው። አንድ ጊዜ አየር ሳበች።

«ማማ፣» አለች፣ «ሜዲካል የለም። ኸላስ። አገሬ ልገባ ነው።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ፤ አልተቋረጠም።

«ሙሽኪላ አለ? ያስከፋሽ ሰው አለ?»

«የለም ማማ። ሙሽኪላ የለም።»

«ፍሉስ ነው? ደሞዝሽን እጨምርልሻለሁ።»

«ፍሉስ አይደለም። ሹግል አግኝቻለሁ፣ የራሴ ሥራ። እንጨት እልጋለሁ። በማሽን።»

«አንቺ? እንጨት?» ማዳም ሳቀች፤ የአሮጊት ሳቅ ነበር፣ ሳል ያለበት። እትዬም አብራ ፈገግ አለች። ሳቁ ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ማዳም በሌላ ድምፅ፣ ሕፃን በሚጠይቅበት ድምፅ፣ «ታዲያ እኔ ጠዋት ስነቃ ማንን ልጥራ?» አለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱ በአንድ ጥሪ ሲነሱ መኖራቸውን ያን ጊዜ ገና ገባኝ። ስልኩን ወደ አፏ ይበልጥ አስጠጋሁላት።

«አላውቅም፣ ማማ፣» አለች በመጨረሻ። «ዋላሂ አላውቅም።»

ማዳም «ነዪ ብቻ፣ ቤት ነዪ፣ እናወራለን» አለችና ዘጋች። እትዬ ቀና አላለችም፤ መፈተጓንም አላቆመችም። እንባዋ ግን ነጭ በወጣው ብረት ላይ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። እዮኤል ደረቅ ጨርቁን አንስቶ እየተከተለ ይጠርጋል፤ ጠብ ሲል ይጠርጋል። ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ አልቻለም።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣» አለ በጣም ተጨንቆ፣ «እንባ ጨው አለው። ከጸበሉ ይብሳል።»

እህቴ ፊቷን ከብረቱ ላይ ወደ ጎን ዞር አደረገችና እየፈተገች ማልቀሷን ቀጠለች።